ቁጥር የሌለው ወንበር

ታላቅ እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት። ቤት ውስጥ እታለም እንላታለን፤ ሰፈሩ ግን ማበጠሪያ ይላታል። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ከተቋጠረ እስኪፈታ ድረስ እጇን አታነሳም፤ ፀጉርም ይሁን ነገር። «ኧረ ቀስ በይ፣ አመመኝ!» የምትላት ደንበኛ ካለች፣ «ያመመሽ ቋጠሮው ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁሽ?» ትላታለች። ግን ቀስ ትላለች።

ፀጉር ቤቷ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በጫማ ሰፊውና በፎቶ ቤቱ መካከል የተሰነቀረ አንድ ክፍል ነው። የመስታወት በሩ ታችኛው ጥግ ላይ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዟል። ውስጥ አንድ የማጠቢያ ገንዳ፣ ሁለት መስታወት፣ እንዲሁም ደንበኞች ፀጉራቸውን በቢጎዲን አስጠቅልለው እስኪደርቅ ድረስ ከሥሩ የሚቀመጡበት አንድ አሮጌ ካስክ አለ። ካስኩ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ከሥሩ የተቀመጠች ሴት በሹክሹክታ የምታወራ ይመስላታል፤ የምትለውን ግን ጫማ ሰፊው ሳይቀር ይሰማዋል። በዚህ ምክንያት እህቴ ቤት ምስጢር አያድርም።

ከትልቁ መስታወት ፊት ደግሞ ወንበሩ አለ። አባታችን አናጢ ነው፤ እህቴ ቤቱን የከፈተች ቀን በእጁ ሠርቶ ያመጣላት እሱ ነው። እግሮቹ ወፍራም፣ መደገፊያው አጭር፣ መቀመጫው ቀይ ቆዳ የለበሰ። «ሰው ፀጉሩን ሲሠራ መወዛወዝ የለበትም» ብሎ ሆን ብሎ ነው ያከበደው። እኔም አብሬያት እሠራለሁ፤ ወለሉን ስንጠርግ እንኳ ዙሪያውን እንዞረዋለን እንጂ አናነሳውም።

ወደዚህ ወንበር እመለሳለሁ። መጀመሪያ ስለ ሌሎቹ ወንበሮች ልናገር።

የሰፈራችን ትምህርት ቤት የልጅን ውጤት ለወላጅ የሚነግርበት የቆየ ልማድ አለው። በየሩብ ዓመቱ መጨረሻ ወላጆች ይጠሩና ልጆቻቸው በሚማሩበት ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ አቀማመጣቸውም በልጆቻቸው ደረጃ ነው። አንደኛ የወጣው ልጅ ወላጅ ከመምህሩ ጠረጴዛ ፊት፣ የሁለተኛው ከእሱ ቀጥሎ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ወላጅ ከኋላ በር ሥር። ልማዱ ከአሁኑ ዳይሬክተር በፊትም ነበር፤ እሱ ግን ሥርዓት ወዳድ ስለሆነ በየወንበሩ መደገፊያ ላይ ቁጥር አስለጠፈበት። ልጆቹ ሰልፍ የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ዝናብ እየዘነበም ቢሆን ሳያሰልፋቸው ክፍል ስለማያስገባቸው።

ጠረጴዛው ጋ የሚባለውን ፊት ያሉት ይሰሙታል። ኋላ ያሉት የሚሰሙት የግቢውን ጫጫታ ነው። ንግግሩ ሲያልቅ ካርዱ ይታደላል፤ ወላጅ «አይቻለሁ» የሚለው መስመር ላይ ይፈርማል፤ ወደ ሥራው ይሄዳል።

አባታችን በዚያ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ኋላ ተቀምጧል፤ እህቴ በትምህርቷ ከመጨረሻዎቹ ነበረች። ዕድሜውን ከመጋዝ ማሽን ጋር ስለኖረ ጆሮው ከበድ ይላል፤ ይህን ግን ለሰው አይናገርም፤ አንገቱን እየነቀነቀ ያልፈዋል። ከስብሰባ ተመልሶ ኮቱን ምስማሩ ላይ ሲሰቅል፣ ነፍሷን ይማርና እናታችን «ምን አሉ?» ትለዋለች። «ጥሩ ነው አሉ» ይላታል። ሁልጊዜ ጥሩ ነው አሉ። እህቴ ስምንተኛ ክፍል ወድቃ ትምህርቷን ስታቆም እንኳ ከትምህርት ቤት የመጣው የመጨረሻ ወሬ ጥሩ ነው አሉ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ አንዲት ጠና ያሉ ደንበኛ ካስክ ሥር ተቀምጠው፣ በዚያ በሚጮኸው ሹክሹክታቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽን ሳትታዪ ቀረሽ?» አሏት። «ያኔ እኮ መምህራችሁ ‹ይቺ ልጅ ሰሌዳው አይታያትም፣ መነጽር ያስፈልጋታል› ብሎ ለአባትሽ ነግሮታል። የኔ ልጅ አራተኛ ስለነበር ፊት ነበርኩ፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። አባትሽም እሺ ብሎ አንገቱን ነቀነቀ።»

እህቴ የያዘችውን ቢጎዲን ጠቅልላ ጨረሰች። በማግስቱ ሄዳ ዓይኗን ታየች፤ መነጽር አደረገች። መነጽሩን አድርጋ ፀጉር ቤቷ ደጃፍ ላይ ቆመችና ከመንገዱ ማዶ ያለውን የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ፊደል በፊደል አነበበችው። «ለካ ይነበባል» አለች። ለአባታችን ግን ስለ መምህሩ አልነገረችውም። ለምን ስላት፣ «ምን ብዬ? ሽማግሌ ላስለቅስ?» አለችኝ።

አሁን ልጅ አላት። ከሲታ ስለሆነች ጭራሮ እንላታለን፤ አምስተኛ ክፍል ናት። አባቷ ረጅም መንገድ የሚነዳ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ድምፁ እንጂ እሱ ቤት የለም። ዘንድሮ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ጭራሮ ከአርባ ሦስት ልጅ አርባ አንደኛ ወጣች። እህቴ ሄዳ አርባ አንድ የተለጠፈበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከፊት የቆመችው መምህርት ገና ወጣት ናት፤ ድምፅ የላትም። እህቴ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየች፤ የሰማችው ግን «ኳሷን ስጠኝ!» የሚል የልጅ ጩኸት ነበር። ፈረመች። ቤት ስትገባ አባታችን «ምን አሉ?» አላት።

እህቴ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ሊወጣ የነበረውን ቃል እኔም አውቀዋለሁ። የዚያን ቀን እራት አልበላችም።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የምትሠራው ፋርማሲስት የእህቴ የዘወትር ደንበኛ ናት፤ የጭራሮ ክፍል አንደኛም የእሷ ልጅ ነው። ከስብሰባው በኋላ ባለው ቅዳሜ ቀዩ ወንበር ላይ ተቀምጣ በመስታወቱ ውስጥ እህቴን አየቻት።

«ማበጠሪያ፣ ያን ቀን ፊትሽ ጠቁሮ ወጣሽ አሉ።»

«አንቺ ፊት ተቀምጠሽ ምን ተባልሽ?»

«ምን እባላለሁ? ‹እናመሰግናለን፣ በዚሁ ይቀጥል።› ሁልጊዜ እሱ ነው።»

«እና ለሱ ነው ፊት የምትቀመጪው?»

«ቁጥሬ ነዋ!»

እህቴ ሚዶዋን አየር ላይ አቆመች። «ላንቺ የሚነገርሽ አንድ ቃል ነው፤ እሱም በስልክ ይነገራል። ብዙ መስማት ያለብኝ እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት ስንሄድ ወደ ሐኪሙ የሚጠጋው በሽተኛው ነው ወይስ ጤነኛው?»

ካስክ ሥር ያለችው ሴት አንገቷን አወጣች። «ምን አለች? ምን አለች?»

«ምንም አላለችም፤ አንቺ ድረቂ!» አለቻት እህቴ።

ፋርማሲስቷ ሳቀች። «ታዲያ ልጅሽን አስጠኚያት፤ ያኔ ፊት ትመጫለሽ።»

«የጎደላት ሳይነገረኝ ምኑን ልሙላላት? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እሺ ይሁን። ለልጁም ባዳ ይሁን ማለት ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም።»

 እኔ ፀጉሩን የምትጎትትበትን አኳኋን አይቼ ነገሩ እንዳልተዋት ገባኝ።

የሁለተኛው ስብሰባ ዋዜማ ጭራሮ የእናቷን ቀሚስ ጫፍ ይዛ፣ «እማዬ፣ ነገ ወንበርሽ ላይ ነው የምትቀመጪው አይደል?» አለቻት። ፀጉር ቤት የሚወራው እሷም ጆሮ ደርሷል።

«ወንበሬ የትኛው ነው?»

«ያው ኋላ ነዋ። አታሳፍሪኝ በናትሽ።»

«ኋላ ስቀመጥ ነው የምታፍሪው ፊት ስቀመጥ?»

ልጅቷ አሰበች። «ስትጮሂ» አለች።

«አልጮህም።»

ቃሏን ጠብቃለች፤ አልጮኸችም። በማግስቱ «አራት ጆሮ ከሁለት ይሻላል» ብላ እኔንም አስከትላ ገባችና፣ ቀጥ ብላ ሄዳ አንድ ቁጥር ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ፋርማሲስቷ ስትደርስ ወንበሯ ሰው አለበት።

«ማበጠሪያ፣ የተሳሳትሽ መሰለኝ።»

«አልተሳሳትኩም። አጠገቤ ቦታ አለ፤ ቁጭ በይ።»

«እሱ የሁለተኛው ነው!»

«እሱም አጠገብሽ ይቀመጣ። ቦታ ሞልቶ!»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ሳይበርድ ዳይሬክተሩ ገባ። ረጅም ነው፤ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ እጁ ላይ ወረቀት አለ። ወረቀቱን አየ፣ እህቴን አየ።

«ወይዘሮ፣ የእርስዎ ቁጥር አርባ ነው። አንድ ቦታ አሻሽለዋል።»

«እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ ግን ይሰማል።»

«ወላጅ ሁሉ ቦታ ቦታውን ካልያዘ ስብሰባው አይጀመርም።»

«ጋሼ፣ እዚያ ኋላ አንድ ቀን ተቀምጠው ያውቃሉ?»

«እኔ ዳይሬክተር ነኝ!»

«እሱማ ነው። ቁጥር የለዎትም።»

ይህን ሁሉ የምትለው ዕቃ እንደሚገዛ ሰው በለሆሳስ ነው። ዳይሬክተሩ ነው የሚጮኸው። ከመምህርቷ እጅ የጭራሮን ካርድ ወሰደና ዘረጋላት። «እንግዲያው ይፈርሙና ይሂዱ። ሌላውን ሰው አያጉላሉ።»

እህቴ መነጽሯን አስተካክላ ካርዱን አነበበች፤ ከላይ እስከ ታች። «አይቻለሁ ይላል» አለች። «ምኑን አየሁ? ቁጥር ነው። ልጄ ምን እንዳቃታት የሚነግረኝ ሰው ካለ አሁኑኑ እፈርማለሁ። ያልሰማሁትን አልፈርምም።»

«ካርዷ ያልተፈረመ ልጅ ሰኞ ክፍል አትገባም!»

«ሰኞ በር ላይ እንገናኛለና።»

ተነስታ ወጣች። ማንም አላስነሳትም፤ ራሷ ነው የተነሳችው። መምህርቷ በጣቶቿ መካከል ያለውን ጠመኔ እያየች ነበር። እኔም እህቴን ተከትዬ ስወጣ ኋላ የተቀመጡት ወላጆች አንድ በአንድ ቀና እያሉ ሲያዩዋት አየሁ።

ሰኞ በር ላይ ተገናኙ። ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ «ትእዛዝ ነው፣ እህቴ» አላት። ጭራሮ ጓደኞቿ ሲገቡ እያየች ቀረች። እህቴ ልጅቷን ይዛት ፀጉር ቤት መጣች፤ የፎጣው መደርደሪያ ጀርባ ያለው ጥግ ላይ አስቀመጠቻት። ማክሰኞም እንደዚያው። በየጠዋቱ ዩኒፎርሟን አልብሳ ትወስዳታለች፤ ትመለሳለች።

«ሁሉም ይገባል፣ እኔ ብቻ!» እያለች አለቀሰች ልጅቷ። «ባንቺ ምክንያት ነው!»

 እህቴ በዚያን ቀን የውሃውን ሙቀት ሳትለካ የአንዷን ደንበኛ ራስ አቃጠለች፤ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ባሏ ከመንገድ ደውሎ ሁሉንም ከሰማ በኋላ፣ «አንቺ ካልሽ ልክ ነሽ። ግን ልክ ነሽ ወይ?» አላት። ሰፈሩም ሁለት ተከፈለ፤ ጫማ ሰፊው ከእሷ ወገን ነበር፤ ፎቶ አንሺው «ልጅ አስይዞ ቁማር ነው» አለ። እኔም፣ «እታለም፣ ፈርሚውና ይለቅ። አንድ ፊርማ እኮ ነው» አልኳት።

«አባዬም አንድ ፊርማ ነው ብሎ ነው» አለችኝ። 

ሐሙስ ቀትር ላይ የመስታወቱ በር ተከፈተና መምህርቷ ገባች። ጫማዋ ላይ የጠመኔ ዱቄት አለ። ግራ ቀኝ አየችና፣ «ፀጉሬን ልታጠብ ነበር» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሱ የተጠራጠረ ይመስላል።

እህቴ ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ገንዳው ጋ አስቀመጠቻት፤ ራሷን ወደ ኋላ ደገፍ አደረገችላት።

«እትዬ፣ የመጣሁት ለፀጉሬ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ከመጣሽ ግን ይታጠባል። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ሻምፑ ይገባል።»

«ዳይሬክተሩ ከሰማ...»

«እኔ ቤት ምስጢር አያድርም፤ ግን ካስኩ ዛሬ አልተነሳም። ተናገሪ።»

ዓይኗን ጨፍና፣ አረፋ እስከ ግንባሯ ወርዶ፣ ያቺ ድምፅ የለሽ ልጅ ተናገረች። ያለ ወረቀት ነው የምትናገረው። ውሃው በቀስታ ይፈሳል፤ አንድም ቃል አላመለጠንም።

«ልጅዎ የሠራችውን አትሳሳትም።»

«አርባኛ ወጥታ?»

«አትጨርስም። ፈተናው አራት ገጽ ከሆነ እሷ ሁለተኛው ላይ ሳለች ደወል ይደወላል። ትጽፋለች፤ ታጠፋዋለች፤ መልሳ ያንኑ ትጽፈዋለች። ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ። የጻፈችው ልክ ነው፤ ዜሮ የሚሆንባት ያልደረሰችበት ነው። ይህን ካርዱ ላይ የምጽፍበት ቦታ የለኝም። መጀመሪያው ስብሰባ ላይ ተናግሬው ነበር። ድምፄ አልደረሰም መሰለኝ።»

የእህቴ እጆች አረፋው ውስጥ ቆሙ።

«ላጲስ» አለች። «በየሳምንቱ ላጲስ ግዢልኝ ትላለች። ትበዪዋለሽ ወይ እላታለሁ እኔ!»

«አልበላውም!» የሚል ድምፅ ከፎጣዎቹ ጀርባ መጣ።

መምህርቷ ደንግጣ ብድግ ስትል አረፋው መስታወቱ ላይ ተረጨ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እህቴ ግን አልሳቀችም።

«ነይ ውጪ። ለምንድን ነው የምታጠፊው?»

ጭራሮ አንድ ፎጣ ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች። «እንዳይሳሳት ነዋ።»

«ከተሳሳተስ?»

«አንቺ ኋላ ትቀመጫለሻ።»

 እህቴ የመምህርቷን ራስ መልሳ ደገፈችውና ማለቅለቅ ጀመረች፤ አረፋው ካለቀም በኋላ ታለቀልቀዋለች። ብዙ ቆይታ፣ «ካርዱን ይዘሽዋል?» አለቻት። ይዛው ነበር። እህቴ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ አድርጋ ፈረመች። ከዚያ በኋላ ነው ፊቷ የተመለሰው። «አሁን ቁጭ በይ፣ በቢጎዲን ልጠቅልልሽ» አለቻት። «ድምፅሽን ባይጨምርልሽ ቁመትሽን ይጨምርልሻል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ላጲስ ከቤታችን ወጣ። «ከተሳሳትሽ በአንድ መስመር ሰርዢና እለፊ» አለቻት እህቴ።

«ቢቆሽሽስ?»

«ይቆሽሽ። የኔን የሥራ ልብስ አላየሽም? በቆሸሸ ልብስ ነው ሰው የማሳምረው።»

ጭራሮ ክፍል ተመለሰች። ዳይሬክተሩ ፊርማውን ባየ ጊዜ ያሸነፈ መስሎት ለዘበኛው «ገባቸው ማለት ነው» አለው፤ ዘበኛው ለጫማ ሰፊው፣ ጫማ ሰፊው ለኛ። ፎቶ አንሺው ደግሞ በራችን ላይ ቆሞ «ማበጠሪያ ተበጠረች!» ብሎ ሰፈሩን አሳቀ። እህቴ ሚዶዋን ወደ እሱ ቀስራ፣ «ሞኝህን ፈልግ። ገና ፎርፎሩ አልተራገፈም» አለችው።

ሦስተኛው ስብሰባ ደረሰ። በዚያን ጠዋት ደንበኛ አልተቀበለችም። ቀዩን ወንበር በጨርቅ ወለወለችና፣ «በዚያ በኩል ያዢ» አለችኝ።

«የት ልንወስደው ነው?»

«ስብሰባ።»

ወንበሩ ከባድ መሆኑን ሁልጊዜ አውቃለሁ፤ በእጄ ግን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ይቆማል። «ማበጠሪያ፣ ቤት ለቀቅሽ እንዴ?» ይላል አንዱ። «ልትሸጪው ነው?» ትላለች ሌላዋ። «ልቀመጥበት ነው!» ትላለች እህቴ፣ እያለከለከች። ጭራሮ ከመንገዱ ማዶ እንደማታውቀን ሆና፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትሄዳለች።

ዘበኛው አየን። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ወንበር።»

«ውስጥ ወንበር አለ እኮ።»

«ይሄ ቁጥር የለበትም።»

ትንሽ አሰበና ሁለቱንም የበሩን ክንፎች ከፈተልን። ደረጃው ጋ ስንደርስ እጄ ዛለ፤ ወንበሩ ተንሸራተተ። ያኔ አንድ ቀጭን እጅ መጥቶ ሦስተኛውን እግር ያዘ። «እማዬ፣ እንዳትጮሂ ብቻ» አለች ጭራሮ።

እህቴ ወንበሩን ከአንድ ቁጥር ፊት፣ ከመምህርቷ ጠረጴዛ ጎን አስቀመጠችው፤ ማንንም እንዳይጋርድ አድርጋ። ተቀመጠችበት። ፋርማሲስቷ መጥታ ከኋላዋ የራሷ ቦታ ላይ ተቀመጠችና፣ «ደግሞ ዛሬ የኔን ባዶ ትተሽልኛል፤ ዕድሌ!» አለቻት።

ዳይሬክተሩ ገባ። «ይህ ከየት መጣ?»

«ከፀጉር ቤቴ።»

«የትምህርት ቤቱ ወንበር አይደለም!»

«የትምህርት ቤቱን ወንበር ከነቁጥሩ ትቼልዎታለሁ፤ ያውልዎት ኋላ፣ ማንም አልነካውም። ይሄ የኔ ነው። አባቴ ነው የሠራው። ከሰው ወንበር ሰው ይነሳል፤ ከራሱ ወንበር ማን ያነሳዋል?»

«ወደ ውጭ ይውጣ!»

«ካነሱት ይውጣ።»

ዳይሬክተሩ በንዴት መደገፊያውን ያዘና ሳብ አደረገው። እህቴ ተቀምጣበት ይቅርና ባዶውንም ሦስት ሆነን ነው ያመጣነው። አልነቃነቀም። ሁለተኛ ሳበ። አንድ ሰው ከኋላ ሳል መሰል ሳቅ ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው። ዳይሬክተሩ ሸሚዙን አስተካከለ። «ሥርዓት እስኪያዝ ድረስ ስብሰባ የለም!» ብሎ ወጣ።

ቁጭ አልን። ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። ፋርማሲስቷ ሰዓቷን አየች። «እኔ ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ። «ከፈለጋችሁ ‹በዚሁ ይቀጥል› በሉኝና ልሂድ፤ ካልሆነ ጀምሩ።»

መምህርቷ በሩን አየች፤ እህቴን አየች። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ድምፄ ትንሽ ነው» አለች። «ወንበራችሁን ይዛችሁ ጠጋ በሉልኝ።»

መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ይሉኝታ ሰውን ከምስማር ይልቅ ይቸነክራል። ከዚያ ከኋላ በር ሥር የነበረ አንድ ሽበታም አባት ወንበሩን መጎተት ጀመረ፤ እግሩ ሲሚንቶውን ሲፍቅ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ አለው። እሱ ሲመጣ ሌላዋ፤ እሷ ስትመጣ ሌላው። ቁጥሮቹ ተቀላቀሉ፤ ሠላሳ ስምንት ከሦስት ጎን፣ ሃያ ከአርባ ሁለት ጎን። «ጉልበቴን እንዳትረግጡኝ ብቻ!» ትላለች ፋርማሲስቷ፣ ወንበሯን ወደ ጎን እየገፋች። መምህርቷ መናገር ጀመረች። በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ላለ ሰው በቂ ድምፅ አላት።

ዳይሬክተሩ ተመልሶ መጣ፤ በኋላ በር። የእህቴ ባለቁጥር ወንበር ብቻ የቀረበት ባዶ ወለል ከፊቱ ተዘርግቷል። እዚያ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ የተናገረው ነገር ነበር። ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። እዚያ ሆኖ የሚናገር ሰው አይሰማም።

ቤት ስንገባ አባታችን መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። «ምን አሉ?» አለ፣ እንደ ልማዱ።

እህቴ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ፣ ደህና በሚሰማው ጆሮው በኩል ዱካ ስባ ተቀመጠች። «ሦስተኛውን ገጽ ጨርሳለች» አለችው። «አራተኛው ይቀራታል። ማባዛት ታውቃለች፤ ማካፈል ላይ ትፈራለች። ስታነብ ቃል አትዘልም። ጮክ ብላ እንድትመልስ ስትጠየቅ ግን እጇን ታጥፋለች፤ ከጓደኛዋ ጋር ስትቀመጥ ትናገራለች። ሁለት ቦታ ሰርዛ አልፋለች፤ አላጠፋችም።»

አባታችን አንገቱን አልነቀነቀም። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ «ምን አልሽ? ከማካፈሉ ጀምረሽ ድገሚልኝ» አላት። በሕይወቴ ድገሚልኝ ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ደገመችለት። ጭራሮ በሩ ላይ ቆማ እስክትጨርስ ጠበቀች።

ከዚያ አባታችን፣ «ወንበሬስ?» አለ። «ጫማ ሰፊው ይዛችሁት ስትወጡ አይቷል።»

«እዚያው ተውኩት።»

«ደንበኛሽ ምን ላይ ይቀመጣል?»

«ዱካ ላይ ይቀመጣል። እዚያ ያሉት ግን ቁጥር የሌለውን ወንበር ይልመዱት።»